ደረጃው ላይ የቀረው ጥያቄ

በአንድ ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ጎረቤታችን የሒሳብ ትምህርት ክፍል ባዘጋጀው የምርምር ሴሚናር ተገኝተን ነበር። የፊዚክስ መምህር ብንሆንም ወደዚያ አዳራሽ ጎራ ማለት የቆየ ልማዳችን ነው። የዕለቱ ተናጋሪ ትምህርቱን ጨርሶ በቅርቡ የተመለሰ ወጣት መምህር ሲሆን፣ ርእሱም ስለ ዲፈረንሻል ኦፐሬተሮች ስፔክትረም ነበር። ለሃምሳ ደቂቃ ያህል ስላይዶቹ በግድግዳው ላይ ተራ በተራ አለፉ። በመጨረሻም የመርሐ ግብሩ መሪ «ጥያቄ ያለው?» ብለው አዳራሹን ቃኙ። መልስ የሰጠ አልነበረም። መሪው አመሰገኑ፤ ተጨበጨበ፤ ተበተንን።

ደረጃውን ስንወርድ አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ከኋላችን ደረሰችብንና፣ «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ዛሬ ስፔክትረም ሲባል የነበረው ላቦራቶሪ ውስጥ በሶዲየም መብራት የምናየው ነው? ወይስ ስሙ ብቻ ነው የተመሳሰለው?» ስትል ጠየቀችን።

ውድ አንባብያን፣ በዚያ ከሰዓት በኋላ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ሊነሣ ይችል ነበር ብለን አናምንም። ዳቪድ ሂልበርት በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኢንተግራል እኩልታዎችን ሲያጠና፣ የአንድን ኦፐሬተር ጠባይ የሚገልጹትን ቁጥሮች ስብስብ «ስፔክትረም» ብሎ ሰየመው። የማትሪክስን አይገንቫልዩዎች የሚያውቅ ተማሪ፣ የዚያው ሐሳብ መስፋት እንደ ሆነ አድርጎ ቢወስደው ብዙ አይሳሳትም። በዚያን ጊዜ አተም የተወሰኑ ቀለማትን ብቻ ለምን እንደሚያመነጭ የሚያስረዳ ኅልዮት ገና አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1925 እና በ1926 ኳንተም መካኒክስ ሲወለድ ግን፣ የአተም የኃይል እርከኖች የአንድ ኦፐሬተር ስፔክትረም ሆነው ተገኙ። የሒሳብ ሊቃውንት ስሙን ያወጡት የፊዚክስ ሊቃውንት ነገሩን ሳያውቁት ነው ማለት ነው። ሶዲየም በ589 ናኖሜትር ገደማ የሚያሳያቸው ሁለት ጎን ለጎን የቆሙ ቢጫ መስመሮች እያንዳንዳቸው የሚነግሩን የአንዱን እርከን ኃይል ሳይሆን በሁለት እርከኖች መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ስለዚህ የተማሪዋ ጥያቄ መልስ «አዎ» ም «አይደለም» ም ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ መስክ ደግሞ ወጣቱ መምህር የሚመራመርበት ሙያ ነው።

ይህን ሁሉ ለእርሷ በደረጃው ላይ ቆመን ነገርናት። አዳራሹ ግን አልሰማውም። ተናጋሪውም አልሰማውም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስናገኘው፣ «ማንም አልፈለገውም መሰለኝ» አለን፤ ለሁለተኛ ጊዜ ሲጋበዝም ጊዜ የለኝም ብሎ ነበር። እርሷ ጥያቄዋ ያሳፍራታል ብላ ፈራች፤ እርሱ ሥራው ተናቀ ብሎ አዘነ፤ ሁለቱም ተሳስተዋል።

እኛስ? በስላይዶቹ መካከል አንድ ፊደል ምን እንደሚወክል ሳይነገረን ብቅ አለ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን በቅጡ አልተከታተልንም። እጃችንን አላወጣንም። «ዶክተሩ ይህንንም አያውቅም እንዴ?» እንዳንባል ነበር። ለዶክትሬት ውጭ አገር ሳለን በየሴሚናሩ የፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡ አንድ አረጋዊ ፕሮፌሰር ነበሩ። ንግግሩ በተጀመረ በአምስተኛው ደቂቃ «ይህ ፊደል ምንድን ነው?» ይሉ ነበር። በመጀመሪያ፣ እርጅና ተጫጭኗቸው ይሆናል ብለን አዝነንላቸው ነበር። ዋል አደር ስንል፣ እርሳቸው በጠየቁ ቁጥር ግማሹ አዳራሽ ተንፈስ እንደሚል አስተዋልን። እዚያ የተማርነውን እዚህ ሳንሠራበት ለዓመታት መቀመጣችን ያሳፍረናል።

አንዳንድ ባልደረቦቻችን ዝምታው የባህላችን ነው ይላሉ፤ «ዝምታ ወርቅ ነው» ይባላልና። ነገር ግን «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ያለውም ይኸው ሕዝብ ነው። በቅኔ ቤት ጀማሪው ተማሪ የቆጠረውን ጉባኤ ቃና ለመምህሩ ያሰማል፤ ስሕተት ቢኖርበት እዚያው ይታረማል፤ በማግስቱም ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። በሰው ፊት መታረም ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም።

በሒሳብ ዓለም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1943 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ሰኞ ማታ ሲካሄድ የኖረው የእስራኤል ጌልፋንድ ሴሚናር አለ። (የጌልፋንድም ስም ከስፔክትረም ኅልዮት ጋር የተያያዘ ነው።) ታላላቅ ሊቃውንት በዚያ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ አንዳንዴም ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር ይቀመጡ ነበር። ጌልፋንድ አንዱን ወጣት «ተቆጣጣሪ አድማጭ» አድርጎ ይሰይመዋል። ንግግሩ ጥቂት እንደ ሄደ ያስቆመውና፣ ወጣቱ እስካሁን የተባለውን በራሱ ቃል እንዲያስረዳ ይጠይቀዋል። ወጣቱ ካልቻለ ተናጋሪው እንደገና ማስረዳት ይኖርበታል። ጌልፋንድ ኃይለኛ ሰው ነበር፤ ተናጋሪን በጉባኤ መካከል እስከ ማሳቀቅም ይደርስ ነበር። ያንን አንመኝም። ሸክሙን ከአድማጩ ትከሻ አንሥቶ በተናጋሪው ላይ መጣሉን ግን እንመኛለን።

ጥያቄ ለአድማጩ ብቻ የሚጠቅም የሚመስለው ካለ የአንድሪው ዋይልስን ታሪክ ያስታውስ። ዋይልስ እ.ኤ.አ. በ1993 መጀመሪያ ስለ ፌርማ የመጨረሻ ቴዎረም ያዘጋጀውን ማረጋገጫ ከፊሉን በፕሪንስተን ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በኮርስ መልክ አቀረበ። ዓላማውን ስላልነገራቸው ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ኮርሱን ተዉት፤ ምሥጢሩን የሚያውቀው ኒክ ካትዝ ብቻ ቀረ። ኮርሱ እንከን ሳይገኝ ተጠናቀቀ። በሰኔ ወር ዋይልስ በካምብሪጅ ለሦስት ቀናት ንግግር አድርጎ ውጤቱን ሲያውጅ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ክፍተቱ የተገኘው ከዚያ በኋላ፣ ካትዝ ጽሑፉን ሲገመግም መስመር በመስመር ጥያቄ እየጻፈ ሲልክለት ነው፤ ከጥያቄዎቹ አንዱ አጥጋቢ መልስ አጣ። ክፍተቱን ለመሙላት እስከ መስከረም 1994 ድረስ፣ በሪቻርድ ቴይለርም እገዛ፣ መድከም አስፈለገ። የታተመው ማረጋገጫ የጭብጨባው ሳይሆን የዚያ ጥያቄ ውጤት ነው።

በእኛ አስተያየት የሴሚናሩ የመጀመሪያ ሩብ ሰዓት ለሦስተኛ ዓመት ተማሪ በሚገባ ቋንቋ ሊቀርብ ይገባል፤ ይህም ቢሆን በሰሌዳና በጠመኔ ቢሆን እንመርጣለን፤ የተናጋሪው እጅ ከአድማጩ አእምሮ አይፈጥንምና። መምህራንም የማናውቀውን ፊደል ቀድመን መጠየቅ የእኛ ድርሻ ነው። ስለ ስላይድ ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ ለጊዜው ይቆየን።

ወጣቱን መምህር፣ ያንኑ ርእስ ስላይድ ሳይዝ እንደገና እንዲያቀርብልን ጠይቀነዋል። ተማሪዋም ከፊት ወንበር ከጎናችን ለመቀመጥ ተስማምታለች። እርሱ ግን እስካሁን እሺም እምቢም አላለንም።