«አያጠኑም» የተባሉት ልጆች ቡልቡላ ላይ ድንጋይ ይሸከማሉ

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይሄ ነው! የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በታወጀ ቁጥር አገር ምድሩ አንድ ዜማ ያቀነቅናል። ባለሥልጣኑ «የዛሬ ተማሪ አያጠናም» ይላል። ምሁር ነኝ ባዩ «የንባብ ልማድ ጠፋ» ብሎ ይተነትናል። ታክሲ ውስጥ ደግሞ ሁሉም ዳኛ ነው፤ «ቲክቶክ ነው የጨረሳቸው» ብሎ ፋይሉን ይዘጋል። ጎበዝ፣ እስቲ ተረጋግተን እንጠያየቅ። መብራት ባልገባበት ቀበሌ ባደገ፣ መጽሐፉ «በሶፍት ኮፒ ተልኳል» በተባለለት፣ እራቱን ራሱ እንጨት ለቅሞ በሚያበስል ልጅ ላይ «አታጠናም» ብሎ መፍረድ ከየትኛው ሕግ የተቀዳ ነው?

በቅድሚያ ቁጥሩን እናስቀምጥ። ቁጥሩ የእኛ ሳይሆን የራሱ የትምህርት ሚኒስቴር ነውና ማንም «የተቃዋሚ ወሬ» ሊለው አይችልም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን የወሰዱት 896,520 ተማሪዎች ነበሩ። ከመቶ ሃምሳና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ናቸው፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። በ2015 ከ845,099 ተፈታኞች 27,267 አለፉ፤ 3.2 በመቶ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ ተባለ። ከዚህ ሁሉ ግን አጥንት ሰብሮ የሚገባው ሌላው ቁጥር ነው። በ2014 ካስፈተኑት 2,959 ትምህርት ቤቶች 1,161ዱ፣ በ2015 ደግሞ ከ3,106ቱ 1,328ቱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድም!

ልብ በሉ። አንድ ልጅ ቢወድቅ ሰነፍ ነው እንበል። አንድ ክፍል ቢወድቅ መምህሩ ደካማ ነው እንበል። ከሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች ከነተማሪዎቻቸው ድፍት ሲሉስ ምን እንበል? በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ጎበዝም አለ፣ ሰነፍም አለ፣ የክፍሉ አንደኛም አለ። አንደኛ የወጣውም ጭራ የወጣውም እኩል ከወደቁ ፈተናው የመዘነው የልጆቹን ትጋት አይደለም፤ የተቀመጡበትን ቤት ነው።

ቡልቡላ ምን አገባት?

የገጠር ተማሪን ነገር ለማየት የግድ ጎጃም ወይም ወሎ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ቦሌ ቡልቡላ በቂ ናት። ይህች ሰፈር ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት ራሷ ገጠር ነበረች፤ ገበሬ በሬ ጠምዶ የሚያርስባት። ዛሬ ኮንዶሚኒየሙና ሪል ስቴቱ ተደርድሮባታል፤ የግል ትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ከፎቅ ፎቅ ተሰቅሏል። ማታ ማታ ደግሞ አስጠኚው ቦርሳውን አንግቶ ከብሎክ ብሎክ ሲዞር ይታያል። ለመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆችም ቢሆን ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የከተማው አስተዳደር ቁርስና ምሳ ያበላል፣ ደብተርና የደንብ ልብስ ይሰጣል። ደግ አደረገ! ይህን የሚነቅፍ ካለ ልጅ ተርቦ ሲማር ያላየ ብቻ ነው።

እዚያው ቡልቡላ ግን ጠዋት ወደ ሕንፃ ሥራው ጎራ በሉ። ብሎኬት የሚያቀብለውን፣ አሸዋ የሚነፋውን፣ ሲሚንቶ ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣውን ወጣት አነጋግሩት። ከወዴት መጣህ? ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከወላይታ፣ ከሀዲያ። እስከ ስንተኛ ተማርክ? «8 ጨርሼ»፣ «10 ላይ አቋርጬ»፣ «12 ተፈትኜ»። ከላይ ፎቅ ውስጥ ሕፃን አዝላ ወለል የምትወለውለዋን ልጅም ጠይቋት፤ ዕድለኛ ከሆነች አሠሪዋ የማታ ትምህርት እንድትማር ፈቅዳላት ይሆናል። ከቀኑ ሥራ በኋላ ዐይኗን ጨፈን ገለጥ እያደረገች ደብተር ላይ ታቀረቅራለች። እንግዲህ «አያጠኑም» የተባሉት እነዚህ ናቸው! ቀኑን ሙሉ ጉልበቱን ሸጦ ማታ ደብተር የሚገልጥ ሕዝብ የማጥናት ልማድ የለውም ከተባለ ልማድ ማለት ምን ማለት ነው?

የስንቅ ተማሪው ሳምንት

አሁን ደግሞ ልጁ ወደ አዲስ አበባ ሳይሰደድ በፊት ወደነበረበት እንሂድ። በአማራ ክልልም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየቀበሌው የለም። ስለዚህ የገበሬው ልጅ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ወረዳ ከተማ ወርዶ ቤት ይከራያል። ቤት ሲባል ደግሞ አራት አምስት ሆነው የሚተኙባት አንዲት የጭቃ ክፍል ናት። ስንቁን ከቤቱ ይዞ ይመጣል፦ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮ። አርብ ከትምህርት ሲወጣ ሁለትና ሦስት ሰዓት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ በእግሩ ተጉዞ አገሩ ይገባል። ቅዳሜን ከአባቱ ጋር እርሻ ላይ፣ አለዚያም ከብት ጥበቃ ላይ ይውላል። እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ ያን ጊዜ ሳምንቱን ሙሉ ቢቀር የሚፈርድበት ወላጅ የለም፤ እህሉ ካልገባ ስንቁም የለምና።

ቅዳሜና እሑድ ማለት እኮ ለከተማው ልጅ የማጠናከሪያ ትምህርት ነው! ለገጠሩ ልጅ ግን ስንቅ ማምጫ ነው። ይህ ብቻ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ሲደመር ስንት የጥናት ቀን እንደሚሆን አስሉት። የሴቷ ልጅ ደግሞ ይብሳል። አገሯ ስትገባ ውኃ መቅዳቱና እንጀራ መጋገሩ ይጠብቃታል። ወረዳ ከተማ ላይ በተከራየቻት ክፍል ደግሞ በር በሌሊት ቢንኳኳ የሚደርስላት ዘመድ የለም። ወላጅ ይህን እያሰበ «ይቅርብሽ» ሲላት፣ እኛ ከተማ ተቀምጠን «ሴቶች ትምህርት ያቋርጣሉ» ብለን ሪፖርት እንጽፋለን።

ፈተናው የሚመጣው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። እስከ ስምንተኛ ድረስ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የቆየ ልጅ ቢያንስ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ለከተማው ልጅ ዲሽ አለለት፣ ኢንተርኔት አለለት፣ ከሕፃንነቱ እንግሊዝኛ ያስቆጠሩት የግል ትምህርት ቤት አለለት። የገጠሩ ልጅ እንግሊዝኛን የሚሰማው ከመምህሩ አፍ ብቻ ነው። ጉዳቱ የሚጀምረውም 12ኛ ክፍል ላይ አይደለም። የዓለም ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ግምት ዕድሜያቸው 10 ዓመት ከሆነ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት 90 በመቶ ያህሉ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። በአራተኛ ክፍል ያልተነበበ ነገር በ12ኛ ክፍል በሌሊት ጥናት አይካካስም።

መጽሐፉስ? በ1990ዎቹ አጋማሽ «ፕላዝማ» የሚባል ነገር መጥቶ በሳተላይት ትምህርት ሲዘንብ፣ መብራት ለሌለው ትምህርት ቤት ፕላዝማው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጥቁር መስተዋት ሆኖ መቅረቱን ያየ ያስታውሳል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር ደግሞ የታተመ መጽሐፍ አልደረሰምና «ሶፍት ኮፒውን ተጠቀሙ» ተባለ። ሶፍት ኮፒ ማለት የፕላዝማ ታናሽ ወንድም ነው! ስልክ የሌለው ልጅ በምን ይክፈተው? ያለውስ የት ቻርጅ ያድርገው?

ኩረጃው መቆሙስ?

እዚህ ላይ ለሐቅ መቆም አለብን። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የኢዜማ መሪ ሆነው ወደ ሚኒስትርነት የመጡት ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ፈተናውን ወደ ዩኒቨርሲቲዎች አዛውረው ኩረጃውን መቁረጣቸው ትክክል ነበር። በ2008 ፈተናው በማኅበራዊ መገናኛ ተበትኖ የተሰረዘበትን ጊዜ አልረሳንም። በየዓመቱ በቡድን ኩረጃ የሚታበጠው ውጤትም አገር ሲያሳፍር ኖሯል። ቴርሞሜትሩ መስተካከሉን ማንም አይቃወምም። ነገር ግን ቴርሞሜትር መድኃኒት አይደለም! ሐኪም የበሽተኛውን ትኩሳት በትክክል ለክቶ «40 ነው» ካለ በኋላ ወደ ቤትህ ሂድ ብሎ አይሸኝም። አብዛኛው ትምህርት ቤት ከደረጃ በታች መሆኑን ሚኒስቴሩ ራሱ ደጋግሞ ነግሮናል። ከደረጃ በታች በሆነ ትምህርት ቤት ያስተማሩትን ልጅ ከደረጃ በላይ በሆነ ፈተና መዝነው ሲያበቁ ጥፋቱን በልጁ ላይ መለጠፍ ነው ያልገባን።

«8.4 በመቶ ደረስን» የሚለው ዜናም ረጋ ብሎ መታየት አለበት። በ2014 የተፈተነው 896,520 ነበር፤ በ2017 ግን 585,882። ያለፈው ወደ 19 ሺህ ሲጨምር፣ ከፈተናው አዳራሽ የጠፋው ከ310 ሺህ በላይ ነው! እነዚህ ልጆች የት ገቡ? ለዚህ ምክንያቱ አንድ ብቻ ላይሆን ይችላል። አንዱ ግን ፀሐይ የሞቀው ነው፦ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ የተቀጣጠለው ጦርነት ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ በ2017 ዓ.ም. በክልሉ ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ እንደነበሩ ተነግሯል። ያልተፈተነ ልጅ ደግሞ ከመቶኛው ስሌት ውስጥ አይገባም። መቶኛው ያማረው ከፊሉ ድሀው ከቆጠራው ስለወጣ ቢሆንስ? ይህን የማስረዳት ግዴታ ያለበት መንግሥት ነው።

ቆሎ ተማሪው ያስተማረን

የገጠሩ ሕዝብ የማጥናት ልማድ የለውም የሚል ሰው የገዛ አገሩን ታሪክ አያውቅም። የቆሎ ተማሪ የማን ልጅ ነበር? የገበሬ ልጅ አይደለምን? አኮፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ዳዊቱን፣ ዜማውን፣ ቅኔውን የጨረሰው በዓመታት ጽናት ነው። የወሎው ደረሳም እንዲሁ ከሼኩ እግር ሥር ተቀምጦ፣ መንደርተኛው ባዋጣው ምግብ አድሮ ነው ኪታብ የቀራው።

ነገር ግን ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ምሥጢር አለ። ያ ጽናት በባዶ ሜዳ አልበቀለም። የቆሎ ተማሪው ማደሪያ ጎጆ ነበረው። መምህሩ አብሮት ያድር ነበር። መንደሩ ይመግበው ነበር። ብርሃን ባይኖር እንኳ የቃል ትምህርት የሚባለው በጨለማ፣ በቃል እየተቀባበሉ የሚጠና ነበር። የጥንቱ ሥርዓት ድህነቱን አውቆ በድህነቱ ልክ ዘዴ ፈጠረ። የዛሬው ሥርዓት ግን ኤሌክትሪክ፣ መጽሐፍና ኢንተርኔት የሚፈልግ ትምህርት ዘርግቶ ኤሌክትሪኩንም መጽሐፉንም ኢንተርኔቱንም ነፈገው፤ ከዚያ «ልማድ የለህም» አለው። የጥናት ልማድ ማለት ሰዓት፣ ብርሃን፣ መጽሐፍና የሞላ ሆድ ነው። እነዚህ ሲኖሩ ልማዱ ይመጣል።

ንጉሡ ዘመንም ቢሆን ይህን ያወቀ ነበር። ዊንጌትን የመሳሰሉ ትምህርት ቤቶች አዳሪ ነበሩ፤ በእደ ማርያም ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዞችን መርጦ ለዩኒቨርሲቲ ያዘጋጅ ነበር። የደረሰው ለጥቂቶች ብቻ መሆኑ ነበር ጉድለቱ። ዛሬም በየክልሉ ያሉት ጥቂት ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ከገበሬ ቤት የመጡ ልጆችን ሳይቀር በከፍተኛ ውጤት ያሳልፋሉ። ልጆቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው ማደሪያቸው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ጥያቄያችን የሰማይ ኮከብ አውርዱልን አይደለም። አንደኛ፣ በየወረዳው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ለስንቅ ተማሪዎች፣ በተለይም ለሴቶች፣ መብራትና ማንበቢያ ያለው ማደሪያ ይሠራ። ገጠሩ ሕዝብ ድንጋይና ጉልበት ማዋጣት ያውቃል፤ በ«ትምህርት ለትውልድ» ስም ከሕዝብ ከሚሰበሰበውም መዋጮ ለዚህ የሚሆን አይጠፋም። ሁለተኛ፣ የታተመ መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ልጅ ይድረስ። መጽሐፍ ሳይሰጡ ፈተና መስጠት ዕዳ ሳያበድሩ ማስከፈል ነው። ሦስተኛ፣ አዲስ አበባ ላይ የተቻለው ምገባ ድርቅና ድህነት ወዳጠቃቸው ወረዳዎች ይሂድ። አራተኛ፣ መምህሩ ደመወዙን በወሩ ያግኝ፤ በ2016 ዓ.ም. በወላይታ እንደታየው ወራት ደመወዝ ያላገኘ መምህር ማንን ያስጠና? አምስተኛ፣ ውጤቱ ሲታወጅ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ስንት መጽሐፍ፣ ስንት መምህር፣ መብራት ነበረው አልነበረው የሚለውም አብሮ ይታወጅ። ያን ጊዜ ማን እንደወደቀ ሕዝብ ራሱ ይፍረድ። ስድስተኛና ዋናው፣ ጠመንጃ ያነገቡ ወገኖች በሙሉ፣ የመንግሥትም ሆኑ የታጣቂው፣ ከትምህርት ቤት ግቢ እጃቸውን ያንሱ።

ይህ ሳይሆን ከቀረ የሚሆነውን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። በሚቀጥለው ዓመትም ውጤት ይታወጃል፤ መቶኛው ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፤ መግለጫ ይሰጣል፤ ጭብጨባ ይከተላል። ከአውቶቡስ ተራ የሚወርደው የገበሬ ልጅ ደግሞ ወደ ቡልቡላ፣ ወደ አራብሳ፣ ወደ ለሚ ኩራ አቅንቶ ብሎኬት ይሸከማል። በዚያ ብሎኬት በሚሠራው ፎቅ ውስጥ የሚኖሩት ሰዎችም ማታ ቴሌቪዥን ከፍተው «የዛሬ ልጅ አያጠናም» ሲባል ይሰማሉ።

ልብ ያለው ልብ ይበል!