«በሕግ አምላክ» ያለው ኳስ ተጫዋች

አበው «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይላሉ። በአውሮፓ እግር ኳስ ይህን ቃል ጮክ ብሎ የተናገረው ግን ስመ ጥር ኮከብ አልነበረም፤ ዣን ማርክ ቦስማን የተባለ፣ ብዙም የማይታወቅ ቤልጅየማዊ ተጫዋች ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1990 ከሊዬዥ ክለብ ጋር የነበረው ውል አበቃ። ክለቡ ወርኃዊ ደመወዙን ከ120 ሺህ ወደ 30 ሺህ የቤልጅየም ፍራንክ ዝቅ አድርጎ አዲስ ውል አቀረበለት። አልፈርምም ሲል የዝውውር ዋጋ ተቆረጠበት። የፈረንሳዩ ዱንኬርክ ሊወስደው ቢስማማም፣ ሊዬዥ የተቀባዩን ክለብ የመክፈል አቅም ተጠራጥሮ የዝውውር ወረቀቱ እንዲላክ ሳይጠይቅ ቀረ። ልብ በሉ፤ ይህ ሰው ውሉን የጨረሰ ሠራተኛ ነው! መምህር ወይም አናጢ ቢሆን ኖሮ «ዋጋህ ሳይከፈለኝ ከደጄ አትወጣም» ሊለው የሚደፍር አሠሪ ይገኝ ነበርን?

የአውሮፓ ፍርድ ቤት ዲሴምበር 15 ቀን 1995 መልሱን ሰጠ። ውሉን በፈጸመ የአባል አገር ዜጋ ላይ፣ ወደ ሌላ አባል አገር ሲሄድ የዝውውር ክፍያ መጠየቅ ከሠራተኞች ነጻ እንቅስቃሴ ጋር ይጋጫል አለ። በአባል አገራት ዜጎች ላይ የተጣለውን የውጭ ተጫዋቾች የቁጥር ገደብም ሻረ።

ውጤቱን በቴሌቪዥን መስኮት ሁላችንም አይተነዋል። በ1995 የአውሮፓ ዋንጫን ያነሣው አያክስ፣ ዴቪድስን በ1996፣ ክላይቨርትን በ1997 ያለ ክፍያ ለሚላን አስረከበ። በፌብሩወሪ 2005 አርሰናል ክሪስታል ፓላስን ሲገጥም ከ16ቱ ተሰላፊዎቹና ተጠባባቂዎቹ መካከል አንድም ብሪታኒያዊ አልነበረም። «ቦስማን ኳሱን አበላሸው» የሚሉ ወገኖች ክርክርም ከዚህ ይነሣል። እኔ ግን አልስማማም። ሰንሰለት መበጠስ የፍርድ ቤት ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ገቢውን በፍትሕ የሚያከፋፍል፣ ተጫዋች ያሳደገውን ትንሽ ክለብ የሚክስ ሥርዓት ማቆም ደግሞ የደንብ አውጪዎቹ ኃላፊነት ነበር። እነርሱ ግን ክስ ካልቀሰቀሳቸው አይነቁም።

ማስረጃው ላሳና ዲያራ ነው። በ2014 ከሎኮሞቲቭ ሞስኮ ጋር የነበረው ውል ሲፈርስ 10.5 ሚሊዮን ዩሮ እንዲክስ ተፈረደበት። «አዲሱ ቀጣሪም የዕዳው ተካፋይ ነው» የሚለው የፊፋ ደንብ ሊቀጥረው የፈለገውን ሻርለርዋን አስፈራ። ይኸው ፍርድ ቤት ከደንቦቹ አንዳንዶቹ ከኅብረቱ ሕግ ጋር እንደሚጋጩ የወሰነው ኦክቶበር 4 ቀን 2024 ነው፤ ዲያራ ጫማውን ከሰቀለ ከዓመታት በኋላ! ቦስማንም ፍርዱን ሲሰማ 31 ዓመቱ ነበር፤ ምርጡ የጨዋታ ዘመኑ በችሎት ደጃፍ አልቋል።

መብት በየትውልዱ አንድ ሰው ሙያውን እስኪገብርለት የሚጠብቅ ከሆነ ሕግ አለ ማለት ያዳግታል። መፍትሔው ሌላ ቦስማን መጠበቅ አይደለም። ደንቡ ሲረቀቅ ተጫዋቾች በማኅበራቸው በኩል ለምክር ብቻ ሳይሆን ለድርድር ይቀመጡ። የሚታሰርበትን ውል አብሮ ያልጻፈ ሠራተኛ፣ ደመወዙ በሚሊዮን ቢቆጠርም፣ የሌላ ሰው ንብረት ሆኖ የመቆጠር አደጋ አለበት።