የፈላ ውኃ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ታዲያ በምን እንወቅ?



በውስጥ መስመር ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፦ «ዶክተር፣ ውኃችንን አፍልተን ነው የምንጠጣው። ስለ ኬሚካልም መስጋት አለብን?» አንዳንዶቻችሁ ደግሞ እስክሪብቶ የሚመስል መለኪያ ውኃ ውስጥ ሲነከርና ቁጥር ሲያወጣ የሚታይበትን ቪዲዮ ልካችሁ «ይህን ልግዛ ወይ?» ትሉኛላችሁ። ለሁለቱም ባንድ ላይ ልመልስ፤ በዚያውም አቋሜን ልናገር።

ውኃን ከሚበክሉት መካከል ሁለቱን እንያቸው። አንደኛው ጀርም ነው። ተቅማጥ፣ ኮሌራና ታይፎይድ የሚመጡት ከዚህ ነው። ማፍላት ይገድለዋል፤ እንደ ውኃ አጋር ያለ ክሎሪንም አብዛኛውን ይገድላል። በአገራችን ሕፃናትን በብዛት የሚጎዳው አሁንም ጀርም ስለሆነ፣ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ማፍላት እንዳታቆሙ!

ሁለተኛው በኬሚስትሪ ቋንቋ ኦርጋኒክ በካይ የሚባለው ነው። እዚህ ላይ «ኦርጋኒክ» ማለት ገበያ ላይ እንደምንሰማው «ተፈጥሯዊ» ማለት ሳይሆን ካርቦንን መሠረት ያደረገ ኬሚካል ማለት ነው። ፀረ ተባይ፣ ፀረ አረም፣ ነዳጅ፣ የቀለም ማቅጠኛ፣ የመድኃኒት ቅሪት እዚህ ውስጥ ይገባሉ። አብዛኞቹ ፀረ ተባዮች በማፍላት አይጠፉም። ውኃው እየተነነ ሲሄድ በቀረው ውስጥ መጠናቸው ሊጨምርም ይችላል። ውኃው ኩልል ያለ ሆኖ፣ ሽታም ጣዕምም ሳይኖረው ሊይዛቸው ይችላል።

ጉዳዩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና አበባ ይመረታል፤ ፀረ ተባይም ይረጫል። ሐይቁ ደግሞ የመጠጥ ውኃ ምንጭም ነው። «ስለዚህ ውኃው መርዝ ነው» እያልኩ አይደለም። ሳይለካ «መርዝ ነው» ማለትም፣ ሳይለካ «ምንም የለበትም» ማለትም ግምት ነው። ሕፃናት ከክብደታቸው አንጻር ከአዋቂ የበለጠ ውኃ ስለሚጠጡ፣ በግምት መኖር ይበልጥ የሚጎዳው እነሱን ነው።

ታዲያ ለምን በየቦታው አይለካም? ዋናው መለኪያ ክሮማቶግራፊ የሚባል ውድ የላቦራቶሪ መሣሪያ ስለሆነ ነው። የሠለጠነ ባለሙያ፣ የማይቆራረጥ መብራትና ውድ ኬሚካሎች ይፈልጋል። የገጠር ጉድጓድ ውኃ ናሙና ከተማ ድረስ መጓዝ አለበት።

መፍትሔው የሚመስለኝን ብዙዎቻችሁ ቤታችሁ አላችሁ፤ የስኳር መለኪያውን ማለቴ ነው። ሐሳቡ የተጸነሰው እ.ኤ.አ. በ1962 ሌላንድ ክላርክና ቻምፕ ላየንስ ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። ስትሪፑ ላይ ስኳርን ለይቶ የሚያውቅ ኢንዛይም አለ፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ምልክት ወደ ቁጥር ይቀየራል። እንዲህ ያለው ነገር ኬሚካዊ ሴንሰር ይባላል። ያኔ ላቦራቶሪ የሚጠይቀውን ምርመራ ዛሬ እናቶቻችን ማዕድ ቤት ቁጭ ብለው ያደርጉታል።

ለፀረ ተባይም ተመሳሳይ መንገድ አለ። ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት ፀረ ተባዮች ሰው ሲመርዙ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ያልበዋል፣ የዓይኑ ብሌን ይጠብባል፣ መተንፈስ ያቅተዋል። ይህ የሚሆነው ነርቮቻችን የሚጠቀሙበትን አሴታይልኮሊንኤስተሬዝ የተባለ ኢንዛይም ስለሚያግዱ ነው። ተመራማሪዎች ይህንኑ ኢንዛይም ስትሪፕ ላይ አስቀመጡት። ውኃው ውስጥ መርዙ ካለ ኢንዛይሙ ይዳከማል፣ ምልክቱም ይቀንሳል። ሰው ሳይመረዝ ስትሪፑ ይናገራል ማለት ነው።

ሌላው መንገድ ፕላስቲክ መሰል ቁስን በበካዩ ሞለኪውል ዙሪያ አጠንክሮ፣ ከዚያ ሞለኪውሉን አጥቦ ማውጣት ነው። የሚቀረው ቀዳዳ ቁልፉን እንደሚጠብቅ ቁልፍ ጉድጓድ ያንን ሞለኪውል ለይቶ ይይዛል።

ሥራው ቀላል አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በመጠጥ ውኃ ውስጥ ለአንድ ፀረ ተባይ የሚፈቅደው ወሰን በሊትር 0.1 ማይክሮግራም ነው። ይህም 10,000 ሊትር የሚይዙ 1,000 ቦቴዎች ውስጥ አንድ ግራም እንደማለት ነው። የስኳር መለኪያችን የሚያነበው በሊትር 1 ግራም ገደማ ስለሆነ፣ የውኃው ሴንሰር 10 ሚሊዮን ጊዜ ያነሰ መጠን ማየት ይጠበቅበታል። ለዚህ ነው አዳዲስ ቁሶችን የማበልጸግ ምርምር የሚያስፈልገው።

«ጀርሙን እንኳ ገና አልጨረስንም፤ ይህ ቅንጦት ነው» የሚል ሰው ይኖራል። እኔ አልስማማም። ወባን አስታውሱ። ፈጣን ምርመራው ጤና ኬላ ከመድረሱ በፊት ማይክሮስኮፕ በሌለበት ቦታ ትኩሳት በግምት ይታከም ነበር። ዛሬ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በደቂቃዎች ውስጥ ትለየዋለች። የውኃ ሴንሰርም እንደዚያው የመጀመሪያ ማጣሪያ ይሁን፤ አጠራጣሪው ብቻ ወደ ላቦራቶሪ ይላክ። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ዘርፍ የሚሠሩ የኬሚስትሪ ተመራማሪዎች አሉ። ሥራቸው መመረቂያ ጽሑፍ ሆኖ መደርደሪያ ላይ ከሚቀር ጉድጓዱ አፍ ላይ ይፈተን። ውጤቱም ለሚጠጣው ሕዝብ ይነገር፤ እርምጃ የሚወስድ አካልም ይኑር። ያለዚያ ቁጥሩ ከማስደንገጥ አያልፍም።

አሁን ወደ እስክሪብቶው። ቲዲኤስ የሚባለው ይህ መለኪያ በዋናነት የሚያሳየው በውኃው ውስጥ የሟሙ ጨዎችን ነው። ፀረ ተባይን አያይም፣ ጀርምንም አያይም። ቁጥሩ ዝቅ አለ ብላችሁ አትተማመኑ፤ ከፍ አለ ብላችሁም በድንጋጤ ውድ ማጣሪያ አትግዙ።

እስከዚያው በእጃችሁ ያለውን አድርጉ፦

• የፀረ ተባይ መያዣ የነበረን ጀሪካን ወይም ጠርሙስ ቢታጠብም ለውኃ፣ ለዘይት፣ ለምንም ምግብ አትጠቀሙበት።

• የመርጫ ዕቃን ወንዝ ወይም ጉድጓድ አጠገብ አትጠቡ።

• አክቲቬትድ ካርቦን ያለው ማጣሪያ ብዙ ኦርጋኒክ ኬሚካሎችን ይቀንሳል፤ ካርቦኑ ግን በጊዜው መቀየር አለበት። ጀርሙን ለመግደል ማፍላቱ እንዳለ ይቀጥል።

• ሰው ፀረ ተባይ ጠጥቶ ወይም ነክቶት ከላይ የጠቀስኳቸው ምልክቶች ከታዩበት፣ ለማስታወክ አትሞክሩ። የነካውን ልብስ አውልቃችሁ፣ ገላውን በውኃና በሳሙና አጥባችሁ፣ የመርዙን መያዣ ይዛችሁ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። እጃችሁንም ከመርዙ ጠብቁ።

የልጃችንን ሙቀት በቴርሞሜትር፣ የእናታችንን ስኳር በስትሪፕ እንለካለን። በየቀኑ የምንጠጣው ውኃስ ለምን በግምት ይታለፋል? የአካባቢያችሁን የውኃ አገልግሎት «ውኃችን ለጀርም ብቻ ነው ወይስ ለኬሚካልም ይመረመራል?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ለወዳጆቻችሁ አጋሩት። ጤና ይብዛላችሁ!