ነጩ ቢስክሌት ወደ እኛም ሰፈር ይምጣ



ባለፈው ስብሰባ «ማኅበሩ አምስት ቢስክሌት አዘጋጅቶ ነዋሪው በየተራ ይገልገልበት» የሚለው ሐሳብ ሲነሣ ግማሹ ሰው ሳቀ፤ ግማሹ «ይሰረቃል» አለ። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል። ሁለቱንም በቃለ ጉባኤው አስፍሬአለሁ። አሁን ደግሞ በበኩሌ የሚመስለኝን ልበል።

ሳቁ አይከፋም። ይህ የጋራ ቢስክሌት የሚባለው ነገር እኮ የተጀመረው በቀልድ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 በሆላንድ አገር፣ በአምስተርዳም ከተማ ፕሮቮ የሚባሉ ወጣቶች ነበሩ። መኪና ከተማውን አጨናነቀው፣ በጭስ አፈነን ብለው ጥቂት ቢስክሌቶች ነጭ ቀለም ቀቡና ሳይቆልፉ መንገድ ላይ አቆሟቸው። ሐሳቡን ያመነጨው ሉድ ስኺመልፔኒንክ የሚባል ሰው ነው። የፈለገ ይንዳ፣ ሲጨርስ ለሌላው ይተውለት፤ ይኸው ነው። ፖሊስ መጥቶ ለቃቅሞ ወሰዳቸው። ለምን ቢባል፣ ቢስክሌት ሳይቆለፍ መተው በሕግ ክልክል ነዋ! ልጆቹ ታዲያ ቁልፍ አደረጉለትና የቁልፉን ቁጥር እዚያው ቢስክሌቱ ላይ በቀለም ጻፉት። ሕጉም ተከበረ፣ የፈለገም ይከፍታል። እኔን ይህ በጣም ነው ያሳቀኝ።

የከተማው ምክር ቤት ዕቅዱን አልተቀበለም፣ ቢስክሌቶቹም አልቆዩም። ወሬው ግን አልሞተም። በ1974 ላ ሮሼል የምትባል የፈረንሳይ ከተማ ቢጫ ቢስክሌቶች ለሕዝቧ አቀረበች። በ1995 ኮፐንሃገን ላይ ሰው ሳንቲም አስገብቶ ቢስክሌት ይወስድ ጀመር፤ ሲመልስ ሳንቲሙ ይመለስለት ነበር። በ2007 ፓሪስ በሺሕ የሚቆጠሩ ቢስክሌቶች አሰማራች፤ እዚያ ወሳጁ ማን እንደሆነ ይታወቃል።

አሁን «ይሰረቃል» ወደተባለው ልምጣ። ነጩን ቢስክሌት የጎዳው ወሳጁን የሚጽፍ መዝገብ አለመኖሩ ይመስለኛል። እኛ ደግሞ በዚህ ማን ይበልጠናል? እድራችን ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ብረት ድስቱን ስንት ዓመት ሲያጋራን ኖሯል! የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ሳያስፈርሙ አንዲት ብርጭቆ አያወጡም። ሲመለስ ይቆጠራል፣ የጎደለውን ያጎደለው ይተካል። ድንኳን የሚጠብቅ መዝገብ ቢስክሌት መጠበቅ አያቅተውም።

ዳገቱስ ለምትሉ፣ እውነት ነው፣ ዳገቱን መግፋት ነው። ከታክሲ መያዣው እስከ ወፍጮ ቤቱ ግን ሜዳ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌባው ሳይሆን ይሉኝታው ነው። ባሕር ዳር ሰው ቢስክሌት ላይ ቢታይ ማንም ዞር ብሎ አያይም። እኛ ሰፈር ትልቅ ሰው ከታየ «ምን ነካው?» ይባላል። ሴት ከሆነችማ አይነሣ። ወንዶቹ ልጆች በኪራይ ቢስክሌት ሲማሩ እኅቶቻቸው ዳር ቆመው ያያሉ፤ ጠዋት ደግሞ እነዚያው ልጆች ደብተር ታቅፈው ትምህርት ቤት ድረስ በእግር ይኳትናሉ፣ አርፍደው ደርሰው በር ይዘጋባቸዋል። ይህ አያስቅም።

ይሉኝታን ደግሞ በስብሰባ ንግግር አናስወጣውም፤ ጨዋታ ይሻላል። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ «መንገድ ለሰው» ተብሎ መንገድ ለመኪና ሲዘጋ ሕፃኑም ሽማግሌውም አስፋልት ላይ ወጥቶ አልነበረም? እኛም አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የውስጥ መንገዳችንን ብቻ አስፈቅደን እንዝጋ። ቢስክሌቶቹን ነጭ እንቀባ። ውድድሩ የቀስታ ይሁን፦ መጨረሻ የደረሰ ያሸንፋል፣ እግሩ መሬት የነካ ይወጣል። በዚህ ጎረምሳው በጉልበቱ አይመካም፤ እናቶችም ያሸንፋሉ። የእድሩ ዳኛ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ቢከፍቱልን ደስ ይለናል። ጥሩምባ ነፊያችንም በነጩ ቢስክሌት እየዞሩ ይለፍፉ፤ ጥሩምባውን ግን እቤት ይተዉት፣ ሰው የሞተ መስሎት ነጠላውን አዘቅዝቆ የሚወጣ እንዳይኖር። ቃጭል ይበቃል።

ሰኞ ጠዋት ቢስክሌቶቹ ዕቃ ቤት ይገባሉ፣ በፊርማ ይወጣሉ። መጀመሪያ ተራው ለሴት ተማሪዎች ይሰጥ ባይ ነኝ፤ ስብሰባው ይወስን።

በግቢያችሁ የዛገም ሆነ ጎማው የፈነዳ ቢስክሌት ያላችሁ እስከ ቅዳሜ ለዕቃ ቤቱ ኃላፊ አስረክቡ፤ ደረሰኝ ይሰጣችኋል። ጎሚስታው ፍሬኑንና ጎማውን ያለ ዋጋ ሊያይልን ቃል ገብቷል። የቀለሙን እኔ እችላለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ