ኮምፒውተሩን አትውቀሱት፣ ሃይ-ሃቱን ስሙት

ስለ ዛሬ ዘፈኖች ወሬ ሲነሳ «ሙዚቃውን ኮምፒውተር ገደለው» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ አልስማማም። የገደለው የኛው ቸልተኝነት ነው። ማስረጃ አምጣ ካላችሁኝ ሃይ-ሃቱን ስሙ እላለሁ።

ሃይ-ሃት ማለት ድራመሩ አጠገብ ተጋጥመው የተቀመጡት ሁለት ሲምባሎች ናቸው። እግር ፔዳሉን ሲረግጥ ይገጥማሉ፣ ሲለቅ ይከፈታሉ። ጨዋታው ያለው በመርገጥና በመልቀቅ መካከል ነው። ጥብቅ አድርጎ ዘግቶ በዱላው ጫፍ ሲነካው ቀጭን «ጢስ» ይሰጣል፤ በዱላው ጎን ጠርዙን ሲመታው ይወፍራል። እግሩን ትንሽ ላላ ሲያደርግ «ሿ» ይላል (የታክሲውን ሿሿ አይደለም)። ሙሉ ለሙሉ ሲከፍተው ይጮኻል፣ ጩኸቱንም መልሶ የሚቆርጠው ያው እግር ነው።

የጄኔራል ሚዲ ስታንዳርድ ይህን ሁሉ በሦስት ቁጥር ጨረሰው፦ 42 ዝግ፣ 44 በፔዳል፣ 46 ክፍት። የዛሬዎቹ የድራም ሶፍትዌሮች ግን ጫፉን፣ ጠርዙን፣ ግማሽ ክፍቱን ለየብቻ ቀድተው አስቀምጠዋል። የምቱ ጉልበትም ከ1 እስከ 127 ይሄዳል። ዕቃው አለ ማለት ነው።

ታዲያ አንድ አቀናባሪ ወዳጄ ስቱዲዮ ቁጭ ብዬ ሃይ-ሃቱን ብቻ ነጥሎ እንዲያሰማኝ ለመንኩት። ከመግቢያው እስከ መጨረሻው 42፣ የሁሉም ጉልበት 100። «የልብስ ስፌት መኪና ነው እንዴ?» አልኩት። «ሰው የሚሰማው ግጥሙን ነው፤ ይሄን ማን ያስተውላል?» ብሎ ሳቀ።

አብሮን የነበረ አንድ አንጋፋ ድራመር፣ ጋሼ ነው የምንለው፣ ዝም ብሎ ከሰማ በኋላ «ልጄ፣ ችክችካን እንዲህ ካስኬድከው አንገት ይነቀንቅ ይሆናል እንጂ ትከሻ አይነሳም» አለው። ከዚያ ወንበሩን ሳብ አደረገና ጎልተው የሚወጡትን ምቶች ለይቶ ሌሎቹን ወደ 50ና 60 አስወረደው። አዝማቹ ከመግባቱ በፊት አንዷን ግማሽ ክፍት አስደርጎ በ44 አስዘጋት። ሁለቱም እጆች ቶም ላይ በተጠመዱበት ቦታ የሚጮኹትን ሃይ-ሃቶች ደግሞ «ሰርዛቸው፣ ድራመር ሦስት እጅ የለውም» አለ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም፤ ዘፈኑ ሌላ ዘፈን ሆነ።

ማሽን በራሱ ነውር የለበትም። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሆኖ አኮርዲዮኑን ከድራም ማሽን ጋር አስቀርጿል፤ ማሽኑ ግን ማሽንነቱን አይደብቅም፣ ውበቱም እዚያ ላይ ነው። የኔ ጠብ ሰው ነኝ እያለ ሰው ሲመታ አይቶ ከማያውቀው ድራም ጋር ነው። ለቪዲዮ ክሊፕ ገንዘብ የሚረጭ አዘጋጅ ለአንድ ድራመር የአንድ ሰዓት ክፍያ አጣሁ ሲል አላምነውም።

ጋሼ በዚያን ቀን የተከፈለው አንድ ማኪያቶ ነው። ስሙ ከዘፈኑ ባለሙያዎች ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ ወዳጄን ጠይቄዋለሁ። እስካሁን አልመለሰልኝም።