ስለ አሮጌ የጦር ካሚዮንና ስለ ጠፋው መለዋወጫ

የቤት ጉዳይ በተባለ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ማእድ ቤት፥ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ልብስ አያያዝ ብቻ ነው። ነገር ግን በአባት ግቢ ከዛፍ ጥላ ሥር የቆመ አሮጌ የጦር ካሚዮንም የቤት ጉዳይ ነው። አባት ባረፈ ጊዜ ለወራሾች ይተርፋልና። ከወራሾቹም አንደኛው «ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ በኪሎ እንሽጠው» ይላል፤ ሁለተኛው «የአባታችን መታሰቢያ ነውና ይጠገን» ይላል፤ ሦስተኛው ዝም ይላል። እነርሱ ሲከራከሩ ዝናሙ ብረቱን ይበላዋል። ስለዚህ በወረታና በፎገራ ሜዳ ለሚኖሩት፥ እንደዚሁም እንዲህ ያለ ውርስ ላጋጠማቸው አንባቢዎቻችን ሁሉ የሚረዳ መስሎ የታየንን ዛሬ እንገልጻለን።

አስቀድሞ ይህ ብረት ወደዚያ አገር እንዴት እንደ ገባ ማስታወስ ይገባል። የፋሽስቱ ሹም አኪሌ ስታራቼ በመቶ የሚቈጠሩ ካሚዮኖች አሰልፎ ከአሥመራ ተነሥቶ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓመተ ምሕረት ጎንደር ገባ። ስድስት ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ተገለበጠ፤ ከፎገራ በስተ ሰሜን በጎንደር መንገድ ላይ ያለው የቁልቋል በር ምሽግ ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓመተ ምሕረት ተሰበረ፤ ኅዳር 18 ቀንም ጄኔራል ናሲ በጎንደር እጁን ሰጠ። ከተማረከው መኪናና መሣሪያ እንግሊዞች ብዙውን ከአገር አወጡት። የቀረው ግን እህልና ጨው፥ ቡናና መንገደኛ እየጫነ ለወረራ በመጣበት መንገድ ለገበያ አገለገለ። «የጠላት ብረት ምን ይረባል?» የሚል ሰው ቢኖር፥ ከጠላት የተማረከ መሣሪያ በአዳራሽ ተሰቅሎ ለልጅ ልጅ ይታይ የለምን? ብለን እንመልስለታለን።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መለዋወጫ ከመፈለግ በፊት የመኪናውን ዘር ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የቀድሞ ሾፌሮች «ትሬንታ ኳትሮ» የሚሉት ፊያት 634 ኤን በፈረንጆች ከ1931 እስከ 1939 የተሠራ ነው፤ በስሙ ጫፍ ያለችው «ኤን» ናፍጣ ማለት ናት። «ኤንትሬ» የሚባለው ግን ከጦርነቱ በኋላ በፈረንጆች 1952 የወጣው የ682 ዘር ስለ ሆነ፥ ሁለቱም ፊያት ቢባሉ የአንዱ ሞተር ዕቃ ለሌላው ይሆናል ማለት አይደለም። ላንቻ 3 ሮ ደግሞ ሞተሩ አምስት ሲሊንደር ነው። እንግዲህ በሻንሲውና በሞተሩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ዝገቱን በቀስታ ጠርጎ በወረቀት መጻፍ የመጀመሪያው ሥራ ነው። የፊያት የካሚዮን ሥራ በፈረንጆች 1975 ኢቬኮ ወደ ተባለው ማኅበር ተዛውሯል፤ ስለዚህ ለፋብሪካው ደብዳቤ ጽፎ መልስ መጠበቅ ብቻውን አይበቃም።

ሁለተኛው ነገር በሚፈታበት ጊዜ አለመቸኰል ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደ ተባለ፥ በፎገራ ዋልካ ላይ የወደቀ ብሎን ከክረምት በኋላ አይገኝም። እያንዳንዱ ዳዶና ብሎን ከወጣበት ቦታ ስም ጋር በከረጢት ይታሰር። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ውኃ ሳይለብስ፥ ሻንሲውን በድንጋይና በግንድ ከመሬት ከፍ አድርጎ ከላይ መክደን ይገባል።

መለዋወጫው በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው በልክ የሚገዛው ነው። ኩሽኔታ የመኪናው ስም ባይጻፍበትም የውስጡ ስፋት፥ የውጭው ስፋትና ውፍረቱ በታወቀ ልክ የተሠራ ነው። ለምሳሌ 6205 የሚል ቁጥር ያለበት ኩሽኔታ በማናቸውም አገር ቢሠራ ውስጡ 25፥ ውጭው 52፥ ውፍረቱ 15 ሚሊ ሜትር ነው። የአሮጌው ቁጥር ቢጠፋ እንኳ ሦስቱን ልክ መዝኖ አቻውን መጠየቅ ይቻላል። ለዚህም ሩቅ አገር መሄድ የግድ አይደለም፤ በወረታ የሩዝ መፈልፈያ የሚጠግኑ ሰዎች ኩሽኔታና የዘይት መያዣ ጎማ ዕለት ዕለት ይለውጣሉና ከእነርሱ መጀመር ይሻላል። በብሎን ረገድ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የኢጣሊያው ባለ 10 ሚሊ ሜትር ብሎንና የእንግሊዙ ባለ ሦስት ስምንተኛ ኢንች (9.5 ሚሊ ሜትር ያህል) ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ጥርሳቸው ግን አይስማማም። በግድ ያጠበቀው ሰው ብሎኑንም ቤቱንም ያበላሻል።

ሁለተኛው የሚሠራው ነው። ከመዳብ የተሠራ ጓርኒሲዮን በእሳት ቀይ እስኪሆን ግሎ ከቀዘቀዘ ይለሰልስና ዳግመኛ ያገለግላል። የተሰበረ የባሌስትራ ቅጠል በባለሙያ ይቀጠቀጣል፤ ያለቀ ቡሽና ፒን በባሕር ዳር ወይም በጎንደር ቶርኖ ቤት ይቀረጻል። ይህ ለዚያ አገር እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከወረታ ሩቅ ባልሆነው በጋፋት፥ በደብረ ታቦር አጠገብ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አስወልደው በ1860 ዓመተ ምሕረት በመንኰራኵር ወደ መቅደላ አስጐትተውታል።

ሦስተኛው ከአምሳያው መኪና ብቻ የሚገኘው ነው፤ ይኸውም የሞተር ራስ፥ የናፍጣ ፖምፓና የካምቢዮ ጥርስ ነው። ለዚህ በአዲስ አበባ መርካቶ ሱማሌ ተራና ምናለሽ ተራ ይጠየቃል። በኢጣሊያም አሮጌ የጦር መኪና የሚጠብቁ ማኅበሮች ስላሉ የመምሪያ መጽሐፍ ከእነርሱ መፈለግ ይቻላል። የሚሄደው ሰው ግን አሮጌውን ዕቃ ወይም ልኩ የተጻፈበትን ሥዕል ሳይዝ አይሂድ።

ለእናቶች ደግሞ ይህን አጥብቀን እንናገራለን። የዚያ ዘመን የፍሬንና የፍሪሲዮን ልባስ አስቤስቶስ የሚባል ማዕድን ይገኝበታል፤ ትቢያው ከሳንባ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ክፉ በሽታ ያመጣልና በአፍም በነፋስም አይነፋ፤ በውኃ ረጥቦ ይጠረግ፤ ልጆች ከዚያ ይራቁ። የባትሪ እርሳስ በማእድ ቤት አይቅለጥ። በመኪናው ውስጥ ወይም በአጠገቡ ጥይትና ቦምብ ቢገኝ ማንም ሳይነካው ለፖሊስ ይነገር።

ወራሾችም ከመፍታታቸው በፊት ተሰብስበው ወጪው ከማን እንደሚወጣና መኪናው የማን እንደሚሆን በጽሑፍ ይስማሙ። ትምህርት ቤት ያለው ልጅ ደብተር ይዞ በሰፈሩ ካለ ሽማግሌ ሾፌር ወይም መካኒክ ዘንድ ይቀመጥ፤ የትኛው ዕቃ በምን እንደ ተተካ እርሱ ያውቃልና፥ ያወቀውም በሕይወት ሳለ ይጻፍ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ገንዘብ ወይም ዕቃ ቢያጥር፥ በኪሎ ከመሸጥ ይልቅ ያንኑ ዓይነት መኪና ለሚጠግን ሰው በሙሉ መስጠት ይበልጣል፤ አንዱ ቢቀር እንኳ በእርሱ ዕቃ ሌላው ይነሣል። የሚመርጡትን ግን ሰኔ ሳይገባ ይምረጡ።