4ቱን ሰዓት የት አሳለፋቸው?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ ሳቄንም አመጣው፣ ሆዴንም አባባው። ጸሐፊዋ የ26 ዓመት የአዲስ አበባ ልጅ ናት። እጮኛዋ ዋሽንግተን ነው የሚኖረው። ለእረፍት ሲመጣ «13 ሰዓት በረርኩ» ብሏት ነበር። ሲመለስ ደግሞ «17 ሰዓት ፈጀብኝ» አላት። «መንገዱ ያው፣ አውሮፕላኑ ያው! ጓደኞቼ መንገድ ላይ የሚያርፍባት ሴት ብትኖረው ነው እያሉኝ ነው። ማታ 2 ሰዓት ስደውልለትም አያነሳም። እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ» ትላለች።

እህቴ፣ ከነዚህ ጓደኞችሽ ጋር ቡና መጠጣቱን ቀነስ አድርጊ። ልጁ በዚህ አልዋሸም።

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቦሌ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ማረፊያ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም የባሕር ዳርቻ ላይ እንዳለው ያህል ጉልበት አይኖራቸውም። ስለዚህ አውሮፕላኑ ሰውና ሻንጣ ሞልቶ፣ እስከ አሜሪካ የሚበቃ ነዳጅም ተሸክሞ መነሳት ይከብደዋል። መንገድ ላይ ወርዶ ይቀዳል፤ ሮምም ደብሊንም ሆኖ ያውቃል። እንግዲህ «የሚያርፍባት» የተባለችው ይቺ ናት! በዚያ ላይ ከፍ ብሎ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ንፋስ አለ። ሲሄድ ፊት ለፊት ይገጥመዋል፣ ሲመጣ ከኋላው ይገፋዋል። ዋሽንግተን ደግሞ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ ነዳጁን ጢም አድርጎ ይነሳና ሳያርፍ ቦሌ ይገባል።

የስልኩም ነገር እንዲሁ ነው። በእነሱ ክረምት 8 ሰዓት፣ በበጋቸው 7 ሰዓት እንቀድማቸዋለን። አንቺ ማታ 2 ሰዓት ስትደውዪ እሱ ጋ እኩለ ቀን አካባቢ ነው፤ ሥራ ላይ ነዋ! ከቀኑ 7 ወይም 8 ሰዓት ላይ ሞክሪው። እዚያ ገና ሊነጋ ሲል ስለሆነ፣ አልጋው ውስጥ ታገኚዋለሽ።

በዚህ የሰዓት ነገር የተሸወድሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም። እኔ ራሴ ወንድሜን ልቀበል አበባ ይዤ ቦሌ ሄጄ፣ ማታውን ሙሉ ተገትሬ ቀርቻለሁ። ለካ ቲኬቱ ላይ ያየሁት ከዋሽንግተን የሚነሳበትን ቀን ኖሯል። ረፋዱ ላይ የተነሳ ሰው ቦሌ የሚደርሰው በማግስቱ ጠዋት ነው። አበባው ጠውልጎ ጠበቀው።

ይህን ሁሉ ብዬሽ ሳበቃ አንድ ነገር አልዋጥልሽ አለኝ። ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ፣ ከፊርማሽ በላይ፣ እንደ ዋዛ «ሽማግሌ ከላከ 3 ዓመቱ ነው፣ ሠርጉን 2 ጊዜ አራዝሞታል» ብለሻል። ለምን እንዳራዘመው ግን አንድም ቃል አልጻፍሽም። ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ለ4ቱ ሰዓት ንፋሱንና ነዳጁን ምክንያት አድርጌ ነግሬሻለሁ። ለ3ቱ ዓመት ግን እኔ የምሰጥሽ ምክንያት የለኝም፤ መልሱ ያለው እሱ ዘንድ ነው። ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ደውዪና ጠይቂው። ያለሽን ጽፈሽ ላኪልኝ።